በአንድ ውሃ አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉና ስለማይችሉ ዓሣዎች

በጐንደር ከተማ ዙሪያና በሰሜን ጐንደር ደጋ የክረምትን ውሃ ለበጋ የሚያቈይ ኵሬ መቈፈር እየተለመደ ሄዷል። ኵሬው በመጀመሪያ የሚቈፈረው ለአትክልትና ለከብት መጠጫ ነው፤ ዳሩ ግን ውሃው ሞልቶ አንድ ዓመት ከቈየ በኋላ ባለ ኵሬው ዓሣ ልጨምርበት ማለቱ አይቀርም። አሳቡም መልካም ነው፤ ሥጋ በተወደደበት ዘመን ከደጅ የሚገኝ ዓሣ ለቤተ ሰብ ምግብ፥ ለገበያም ገንዘብ ነው። ሰውየው ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት መጥቶ የሚያቀርበው ጥያቄ ግን ዘወትር አንድ ነው፤ ይኸውም ስንት ዓሣ ልጨምር የሚል ነው። ከዚህ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የትኛው ዓሣ ከየትኛው ጋራ ይስማማል የሚለው ነው።

ከብት አርቢ የሆነ ሰው ዶሮንና ሸለምጥማጥን በአንድ ቤት እንደማይዘጋ፥ እምቦሳ ጥጃን ከኮርማ ጋራ በአንድ በረት እንደማያሳድር ሳይነገረው ያውቃል። በውሃ ውስጥ የሚደረገው ግን ከዓይን የተሰወረ ነው። አንዱ ዓሣ ሌላውን ሲበላ ጩኸት አይሰማም፥ ላባ አይበተንም፤ ባለ ኵሬው የሆነውን ነገር የሚያውቀው ከስድስት ወር በኋላ መረቡን ጥሎ ባዶውን ሲያወጣ ነው። ያን ጊዜም የኵሬው ዕዳ በእርሱ ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር፤ በዚህ አገር ግን የአንድ ኵሬ ስሕተት ከኵሬው ባለቤት አልፎ እስከ ጣና ሊደርስ ይችላል።

ስለ ዓሣዎች ስምምነት መማር ለሚፈልግ ሰው ከራሱ ከጣና የተሻለ መምህር የለም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተዘረጋ፥ ስፋቱ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ፥ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ገደማ የማይበልጥ ሐይቅ ነው። ከእርሱ ወጥተው ለገበያ የሚቀርቡት ዓሣዎች በሦስት ወገን ይጠቃለላሉ፤ ቆሮሶ፥ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቆሮሶ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ቲላፒያ የሚባለው ነው። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፥ በአፉ ዙሪያ ረጃጅም ጺም ያለው ዓሣ ነው። ከእነዚህ በቀር ቤሶ የሚባል፥ በድንጋይ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ነገር እየፋቀ የሚበላ ዓሣ አለ፤ ስሙም በአገሬው አጠራር እንዳለ ወደ ሳይንስ መዝገብ ገብቷል።

ነጭ ዓሣ የሚለው ስም ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል። ኤዱአርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ተወላጅ ተመራማሪ በ1832 እና በ1833 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ጐንደር ተቀምጦ ነበርና ከጣና ያገኛቸውን ዓሣዎች ገልጾ ጻፈ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ነጭ ዓሣ ሁሉ አንድ ዘር ነው፥ መልኩ ብቻ ይለያያል ሲሉ፥ ሌሎቹ ብዙ ነው ሲሉ ቈይተዋል። በ1990ዎቹ ናግልኬርኬና ሲቢንግ የተባሉት የሆላንድ አገር የቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጣና ነጭ ዓሣ 15 ያህል ልዩ ልዩ ዘሮች መሆኑን አስረዱ። ከእነዚህ አንዱ ላቤዮባርቡስ ጐርጐሬንሲስ ተብሎ የጐርጐራን ስም ይዞ ይኖራል፤ ስሙንም ያገኘው በ1940 ነው። ጐርጐራን በእግሩ ረግጧት የማያውቅ የዓሣ ሊቅ ሁሉ ስምዋን የሚያነሣው በዚህ ዓሣ ምክንያት ነው።

እነዚህ ዘሮች በአንድ ሐይቅ ውስጥ ሳይጠፋፉ የኖሩት ምግባቸውንና ስፍራቸውን ስለ ተከፋፈሉ ነው። አንዱ ቀንድ አውጣና የውሃ ዕፅ ይበላል፤ አንዱ በውሃው መካከል የሚንሳፈፉትን ደቃቅ ነፍሳት ያጠራቅማል፤ ወፍራም ከንፈር ያለው ደግሞ ከጭቃና ከድንጋይ ሥር የነፍሳትን ዕጭ እየለቀመ ይውላል። አንዳንዱ በባሕሩ ዳር፥ አንዳንዱ በመካከል፥ አንዳንዱም በውሃው ወለል ይኖራል። ከ15ቱ ስምንቱ ግን ዓሣ በላዎች ናቸው። ይህ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው፥ ጥርሱ በጕሮሮው ውስጥ ብቻ የሆነ ስለ ሆነ፥ ከእርሱ መካከል ይህን ያህል ዓሣ በላ መውጣቱ በሌላው ዓለም ብርቅ ነው። ዓሣ በላዎቹም ቢሆኑ በብዛት የሚያድኑት ጣት የምታህለውን ትንንሽ ዓሣ እንጂ እርስ በርሳቸው አይደለም፤ አሳዳጁ በባሕሩ ስፋት ያሳድዳል፥ ተሳዳጁም የሚሸሽበት ስፍራ አለው። በኵሬ ውስጥ የሚጐድለው ይኸው ነው፤ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር በሆነ ጕድጓድ ውስጥ የሚሸሽበት የለም።

የጣና ዓሣዎች እንዲህ ተለይተው እንዲቀሩ ያደረጋቸው ጢስ ዓባይ ነው። ፏፏቴው 40 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ከታች የሚመጣ ዓሣ ሊወጣው አይችልም። ናይል ፐርች የሚባለው፥ ከሰው ክብደት የሚበልጥ ለመሆን የሚችለው ዓሣ በል በዓባይ የታችኛው ክፍል ሲኖር በጣና የሌለው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ፏፏቴ ሊያቆም የሚችለው ራሱ የሚዋኘውን ዓሣ ብቻ ነው፤ በባልዲና በላስቲክ ከረጢት ተጭኖ በመኪና የሚመጣውን ዓሣ የሚያቆም ገደል የለም።

እንግዲህ ወደ ኵሬው እንመለስ። ለጐንደር ኵሬ መጀመሪያ የሚታሰበው ቆሮሶ ነው፤ መታሰቡም ተገቢ ነው። አልጌ የተባለውን በውሃ ላይ የሚበቅል አረንጓዴ ደቂቅ ዕፅ ስለሚበላ ምግቡ እዚያው ኵሬው ውስጥ ይበቅልለታል፤ እበት ወይም የዶሮ ኵስ በመጠኑ ሲጨመር ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፥ ዓሣውም ይጠግባል። መጠኑን ለማወቅ ክንድን እስከ ክርን አጥልቆ መዳፍን መመልከት ነው፤ መዳፍ ከመጥለቅለቁ ወዲያው የማይታይ ከሆነ ፍጉ በዝቷልና ማቆም ያስፈልጋል፤ እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ የሚታይ ከሆነ ግን ዓሣው ተርቧል። ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት መጨመር ለጀማሪ ባለ ኵሬ ይበቃዋል።

የቆሮሶ ችግር ከጐረቤቱ ሳይሆን ከራሱ ልጆች ጋራ ነው። እንስቲቱ እንቍላልዋን በአፍዋ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ አደጋ ባዩ ጊዜ ተመልሰው ወደ አፍዋ ይገባሉ። ስለዚህ እንደ ሌላው ዓሣ በሺህ የሚቈጠር እንቍላል ሳታፈስ የምትወልደው በአብዛኛው ይተርፍላታል። ውሃው ሞቅ ካለ ጥቂት ሳምንት ቈይታ ደግማ ትወልዳለች፤ ልጆችዋም ገና ትንንሽ ሳሉ ለመውለድ ይደርሳሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለት መቶ ዓሣ የጨመረ ሰው ጣት የሚያህል እልፍ ዓሣ ያገኛል፤ አንዱም ለድስት የሚበቃ አይሆንም። ብዙ ባለ ኵሬ ዘሩ መጥፎ ነው ብሎ አዲስ ጫጩት የሚፈልገው በዚህ ጊዜ ነው፤ ዘሩ ግን አልጠፋም፥ ምግቡ ለብዙ አፍ ስለ ተከፈለ ነው እንጂ።

ለዚህ ሁለት መድኃኒት አለ። አንደኛው ወንዱን ከሴቲቱ ለይቶ ወንዱን ብቻ ማኖር ነው። ዓሣው የእጅ መዳፍ ሊያህል ሲቃረብ ገልብጦ ከሆዱ በታች ቢመለከቱት በወንዱ ሁለት፥ በሴቲቱ ሦስት ቀዳዳ ይታያል። ሥራው ትዕግሥትና ጥሩ ዓይን ይፈልጋል፤ ከመቶ ዓሣ መካከል ሁለት ሴት ሳትታይ ብታልፍ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት አምባዛ ነው። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ፥ ሌሊት የሚያድን ዓሣ ስለ ሆነ ከቆሮሶ ጋራ ሲኖር የሚፈለፈሉትን ጫጩቶች እየበላ ቍጥራቸውን ይገታል፤ የተረፉትም ይሰባሉ፥ አምባዛውም ራሱ ለገበያ ይደርሳል። ከጕሮሮው ልብስ በላይ ከአየር የሚተነፍስበት ልዩ ሕዋስ ስላለው ውሃው ሲደፈርስና ሲታፈን እንኳ ቆሮሶ በሚሞትበት ጊዜ እርሱ አይሞትም። ከአገራችን ዓሣዎች ለኵሬ ከቆሮሶ ጋራ ከእርሱ የተሻለ ጓደኛ አልተገኘም።

ስምምነታቸው ግን በቅደም ተከተል የሚጠበቅ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አምባዛው ቆሮሶው ከገባ በኋላ መግባት አለበት፤ በሚገባበትም ጊዜ መጠኑ ከቆሮሶው ማነስ አለበት። የአምባዛ አፍ ሰፊ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቀን በእኩል መጠን ቢገቡ አምባዛው ፈጥኖ ያድግና ጠባቂ ሊሆን የተላከው ራሱ ሌባ ይሆናል። ቆሮሶዎቹ አንድ ወር ተኩል ወይም ሁለት ወር ቈይተው የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች በኵሬው ዳር መታየት ሲጀምሩ ትንንሹን አምባዛ መጨመር ጥሩ ጊዜ ነው። ለአሥር ቆሮሶ አንድ አምባዛ ያህል ለመጀመሪያ ይበቃል። አምባዛዎቹም በመካከላቸው መጠናቸው የተስተካከለ መሆን ይገባዋል፤ ትልቁ አምባዛ ትንሹን አምባዛ ከመብላት አይመለስም፥ ይህም ዘመዴ ነው ብሎ አይራራም። ኵሬው ተይዞ ዓሣው ሲሰበሰብ ደግሞ አንድም አምባዛ በጭቃው ውስጥ እንዳይቀር መፈለግ ያስፈልጋል፤ የባለፈው ዓመት አንድ አምባዛ የዘንድሮውን ጫጩት ሁሉ ለመጨረስ ይበቃል።

ነጭ ዓሣን በኵሬ ማኖር የሚመኙ ሰዎች አሉ፤ ምኞታቸው የሚመጣው ዓሣው በገበያ ስለሚወደድ ነው። ይህ ግን ከጓደኛ ጋራ ባለመስማማት ሳይሆን ከቤቱ ጋራ ባለመስማማት የሚቀር ነገር ነው። ከነጭ ዓሣ ዘሮች መካከል ብዙዎቹ እንቍላላቸውን የሚጥሉት ከነሐሴ እስከ መስከረም ከጣና ወጥተው ወደ መገጭ፥ ወደ ድርማ፥ ወደ ርብ፥ ወደ ጉማራ ወንዞች ሽቅብ በመሄድ፥ ጠጠር ባለበትና ጥሩ ውሃ በሚፈስበት ስፍራ ነው። በቆመ ኵሬ ውስጥ አይራቡም። ስለዚህ ለኵሬ ተብሎ ከወንዝ የሚያዝ ነጭ ዓሣ ኵሬውን ሳያበለጽግ ሐይቁን ብቻ ያደኸያል።

የሐይቁ ድህነት ቀልድ አይደለም። በ1986 በሞተር ጀልባና በረጅም መረብ ማጥመድ በጣና ከተጀመረ ወዲህ አጥማጆች የወንዞቹን አፍ ጠብቀው ለመውለድ የሚወጣውን ነጭ ዓሣ በብዛት አጠመዱት፤ በ1991 እና በ2001 መካከል በተደረገው ምርመራ ብዛቱ በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ ታየ። በአንዳንድ ስፍራም የብርብራ ፍሬ ወቅጠው በወንዝ ላይ በመበተን ዓሣውን የሚያደነዝዙ ሰዎች አሉ፤ ብርብራ ትልቁንም ጫጩቱንም አይመርጥም።

ከጓደኛና ከምግብ ቀጥሎ የሚመጣው የውሃው ሙቀት ነው፤ ለደጋው አገር እንዲያውም ይህ ይቀድማል። ቆሮሶ የሞቀ ውሃ ዓሣ ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውሃ በሚገባ ያድጋል፤ ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላቱን ይተዋል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ይሞታል። ለመራባትም 20 ዲግሪ ያህል ያስፈልገዋል። አምባዛም የሞቀ ውሃ ይወዳል። ከጣና ዳር እስከ ጐንደር ከተማ ባለው አገር ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ከተማው ራሱ ከ2100 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ዕድገቱ ከቈላው የዘገየ ይሆናል እንጂ ዓሣው ይኖራል። ከዚያ በላይ በዳባትና በደባርቅ በኩል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደባርቅ 2800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፥ በበጋ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት አገር ነው። በዚያ ቆሮሶ የሚጨምር ሰው በኅዳር የገዛውን ዓሣ በጥር ከውሃው ላይ ተንሳፎ ያገኘዋል።

ስለዚህ ለባለ ኵሬው ጫጩት ከመፈቀዱ በፊት በታኅሣሥና በጥር ንጋት ላይ የውሃውን ሙቀት አንድ ክንድ ያህል አጥልቆ በቴርሞሜትር መለካት ይገባል። መለኪያው ርካሽ ነው፤ ወረዳው አንዱን ገዝቶ ለቀበሌዎቹ ቢያዞር ብዙ ሞት ያስቀራል። ከዳባት በላይ ያሉት ኵሬዎች ለጓሮ አትክልትና ለከብት ቢቀሩ ይሻላል።

በዚህ ላይ ብርዱን የሚወድ ዓሣ ከውጭ እናምጣ የሚል አሳብ መነሣቱ አይቀርም፤ ትራውት የሚባለውም ዓሣ ሁልጊዜ ይጠራል። ትራውት በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራራ ወንዞች ተጨምሮ እስከ ዛሬ ይኖራል። ዓሣው ለምግብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሥጋ በል ነውና የጨመሩት ሰዎች ከዚያ ወንዝ ያስወጡት ዘንድ አይችሉም። የሰሜን ተራራዎች ምንጮችም ወደ ተከዜ ስለሚወርዱ በአንድ ኵሬ የተጨመረው በደባርቅ አይቀርም።

ከውጭ የመጣ ዓሣ የሚያደርሰውን ነገር ለመረዳት ሩቅ ሳይኬድ ቪክቶሪያ ሐይቅን መመልከት ይበቃል። በ1950ዎቹ ናይል ፐርች ለዓሣ ምርት ብለው ጨመሩበት። ሠላሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ዓሣው በዝቶ፥ በሌላ ዓለም የማይገኙ በመቶ የሚቈጠሩ ትንንሽ የዓሣ ዘሮች ጠፉ። ለገበያ የሚሸጥ ብዙ ዓሣ መገኘቱ እውነት ነው፤ የጠፉትን ግን የሚመልስ የለም። በአገራችንም በወሎ የሚገኘው ሐይቅ፥ እርሱም የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፥ በ1978 ቆሮሶ ተጨመረበት። ሕዝቡ ዓሣ አገኘ፤ ነገር ግን ቀድሞ በጥራቱ የታወቀው ውሃ በኋላ ደፈረሰ፥ ውሃውን የሚያጠሩት ትልልቆቹ ደቃቅ ነፍሳትም ከውስጡ እንደ ጠፉ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ይህ ለጥፋት ሳይሆን ለጥቅም በቅን አሳብ የተደረገ ሥራ ነበር።

በጐንደር ኵሬዎች ላይ ግን ከትራውትና ከናይል ፐርች ይልቅ የሚያሠጋው በመልኩ የሚታወቀው ዓሣ ነው። ካርፕ የሚባለው ዓሣ ብርድን ይታገሣል፥ ፈጥኖም ያድጋል፤ ስለዚህ ብዙ ያሞግሱታል። ምግቡን ሲፈልግ ግን የኵሬውን ጭቃ እንደ ዐሣማ እየቈፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፤ በደፈረሰው ውሃ የፀሐይ ብርሃን ስለማይገባ ቆሮሶ የሚመገበው አልጌ አይበቅልም። ስለዚህ ሁለቱ ሳይነካከሱ ሳይባሉ አንዱ ሌላውን ያስርበዋል። አለመስማማት ማለት መነካከስ ብቻ እንዳይመስል ይህ ሊታወቅ ይገባል። ካርፕ ቀድሞ ወደ ዝዋይና ወደ ቆቃ ገብቷል፤ ጣና እንዳይገባ መጠበቅ ግን ለአሁኑ ሹም የተተወ ሥራ ነው።

ሌላው ደግሞ ከካርፕ የረቀቀ ነገር ነው። የጣና ቆሮሶ ከሌሎች ሐይቆች ቆሮሶ የተለየ መሆኑን በ1992 ሳይንቲስቶች መስክረው የጣናን ስም ጨምረው ሰይመውታል። ባለ ኵሬው ከዝዋይ ወይም ከሐዋሳ ወይም ከውጭ አገር ጫጩት ቢያስመጣ ዓሣው ቆሮሶ ስለ ሆነ ማንም ልዩነቱን አያይም። ኵሬው በክረምት ሲሞላና ሲፈስ ግን ውሃው ወደ አንገረብ ወይም ወደ ቀሐ፥ ከዚያም ወደ መገጭ፥ ከመገጭም ወደ ጣና ይወርዳል። በዚያ የገባው እንግዳ ከአገሬው ጋራ ይጋባል፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላ የጣና ቆሮሶ የሚባል ተለይቶ አይገኝም። በሥጋ በል ዓሣ የሚደርሰው ጥፋት ይታያል፤ በጋብቻ የሚደርሰው ግን ማንም ሳያየው ያልቃል። ስለዚህ ወደ መገጭ በሚፈስሰው አገር ሁሉ ለሚቈፈር ኵሬ የሚሰጠው ጫጩት ከጣና ዘር ብቻ ይሁን፤ ስለ ጫጩቱም ምንጭ ከባሕር ዳር የዓሣና የሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ምክር መጠየቅ ይገባል።

በመስታወት ሣጥን ዓሣ ማኖር በከተማው ሆቴሎችና ቤቶች የሚታይ ነገር ነው፤ እንደ ጨዋታ ቢቈጠርም ለባለ ኵሬው ብዙ ያስተምራል። ሣጥኑ ሰው የኵሬውን ውስጥ የሚያይበት መስኮት ነውና። በትምህርት ቤት ወይም በግብርና ጽሕፈት ቤት አንድ እንዲህ ያለ ሣጥን ቢኖር ገበሬው አምባዛው ሌሊት ሲያድን፥ እናቲቱ ቆሮሶ ጫጩቶችዋን ወደ አፍዋ ስትሰበስብ በዓይኑ ያያል፤ ከአሥር ስብሰባ ይልቅም ይህ ያሳምነዋል። በሣጥን ውስጥ ግን ከኵሬ የጠበቀ ሕግ አለ። ወንድ ቆሮሶ የራሱን ጐራ ለይቶ የሚጠብቅ ስለ ሆነ ሁለት ወንዶች በአንድ ጠባብ ሣጥን ከተገናኙ ደካማው የሚሸሽበት አጥቶ ይሞታል፤ አንድ ወንድ ከሦስት ወይም ከአራት ሴቶች ጋራ ማኖር፥ ድንጋይና የተሰበረ ገንቦም ለመሸሸጊያ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አምባዛ ጣት ከሚያህል ዓሣ ጋራ በአንድ ሣጥን ፈጽሞ አይኖርም። ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ የመድኃኒቱ ጠረን እስኪወጣ ድረስ አንድ ሁለት ቀን ክፍት ሆኖ ይቈይ፤ ዓሣውም ከመግባቱ በፊት ውሃው በአሸዋና በጠጠር ላይ ጥቂት ሳምንት ቢሰነብት ደግ ነው፥ የዓሣውን ቈሻሻ የሚያጠሩት ረቂቅ ሕዋሳት እስኪበረክቱ ድረስ ጊዜ ይፈልጋሉና።

ከሱቅ የተገዛ ወርቃማ ዓሣና ሌላም የጌጥ ዓሣ ሲሰለች ወይም ሣጥኑ ሲሰበር ባለቤቱ ራርቶ ወደ ወንዝ ሊለቀው ይወዳል። ርኅራኄው ለአንዱ ዓሣ ነው፤ ጕዳቱ ግን ለመገጭና ለጣና ነው። የሆቴል ባለቤቶች ይህን እንዲያውቁ ማድረግ ለከተማው ሹማምንት ቀላል ነው።

ለወረዳው ሹም ኵሬ ሲፈቅድ የሚመለከተው ጥቂት ነገር ነው፤ ነገር ግን ከኵሬው ቍፋሮ በፊት ካልታየ በኋላ አይታረምም። ኵሬው ከጐርፍ መንገድ ራቅ ያለ፥ ውሃው ሙሉ በሙሉ ሊፈስስ የሚችል ይሁን፤ ሊፈስስ የማይችል ኵሬ የተጨመረበትን ሁሉ ለዘላለም ይዞ ይቀራልና። ውሃው የሚገባበትና የሚወጣበት አፍ ጫጩት በማያሳልፍ ወንፊት ይዘጋ፤ ወንፊቱ በክረምት በቅጠል ሲደፈን ባለ ኵሬው አውልቆ የመጣል ልማድ ስላለው የቀበሌው ሠራተኛ በነሐሴ ሄዶ ይየው። ጫጩቱ ከየት፥ መቼ፥ በስንት ቍጥር እንደ መጣ በመዝገብ ይጻፍ። ከጣና ዳር ጫጩት ሲመጣ ደግሞ የመጣበት ውሃ ወደ ኵሬው አይገልበጥ፤ በ2011 በመገጭ አፍ አካባቢ የታየው እምቦጭ ከዚያ ወዲህ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ተስፋፍቶ ያደረሰው ችግር የታወቀ ነው፤ የእርሱ ቍራጭ በአንድ ባልዲ ውሃ ተጕዞ አዲስ ኵሬ ሊሸፍን ይችላል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 በ2003 ስለ ወጣ ሹሙ በብርብራና በተከለከለ መረብ ላይ የሚያደርገው ቍጥጥር ያለ ሕግ የቆመ አይደለም።

በመጨረሻ ስለ አምባዛ አንድ ነገር ይጨመር። በክረምት ሌሊት ዝናብ ሲዘንብና ሣሩ ሲረጥብ አምባዛ ከኵሬው ወጥቶ በክንፉ እየተደገፈ በምድር ላይ እየተሳበ ወደ ሌላ ውሃ ለመሄድ ይችላል። ወንፊት ይህን አያቆመውም። አምባዛ ያለበት ኵሬ በግድቡ ዙሪያ ጕልበት የሚደርስ፥ ከሥሩ ቀዳዳ የሌለው የጭቃ ወይም የድንጋይ ካብ ያስፈልገዋል፤ ካቡም ከሰኔ ዝናብ በፊት መጠገን አለበት።